ዛፉ ገባ፣ ሰውየው ተከለከለ፤ የጃፓን ፕለም ታሪክ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው፡፡ የዛፍን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው መልአክ ሳይሆን ነጋዴ ነው፡፡ ነጋዴ ደግሞ ዕቃው የበቀለበትን መንደር ብዙም አይጠይቅም፤ የሚያውቀው መርከቡ የተነሣበትን ወደብ ነው፡፡ በዓለም ገበያ «የጃፓን ፕለም» ተብሎ የሚታወቀው፣ በካሊፎርኒያ በየጓሮው የሚተከለው፣ ቆዳው የቀላ ሥጋው ውኃ የሞላው ፍሬ ስሙን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው፡፡ ዛፉ በትውልዱ ቻይናዊ ነው፡፡ ለብዙ መቶ ዓመታት በእንግድነት የተቀመጠው ጃፓን ነው፡፡ ዛሬ የምንበላውን መልክና ጣዕም የያዘው ደግሞ አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው፡፡

ለመሆኑ አንድ የጓሮ ዛፍ ይህን ያህል ምን ያነጋግራል? የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፡፡ ይህን ዛፍ አነጋጋሪ የሚያደርገው የጉዞው ዘመን ነው፡፡ ዛፉ ባሕር ተሻግሮ በክብር የገባበት ዘመንና ዛፉን ሲንከባከቡ የኖሩት ሕዝቦች በዚያው ወደብ በር የተዘጋባቸው ዘመን አንድ ነው፡፡ ሁለቱን ታሪኮች ለየብቻ የጻፏቸው ብዙዎች ናቸው፤ እዚህ ጎን ለጎን እናያቸዋለን፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፡፡)

አስቀድሞ ስለ ዘመዶቹ ጥቂት እንበል፡፡ አንዳንዶቻችን ፕሪም የምንለው ፕለም ለእኛ ፍጹም ባዕድ አይደለም፡፡ በየደጋው ጓሮ የምናውቀው ኮክ የቅርብ ዘመዱ ነው፡፡ በደኖቻችን የሚበቅለው፣ ለጣውላ የሚፈለገው ጥቁር እንጨትም ሳይንቲስቶች ፕሩነስ ብለው ከሚጠሩት ከዚሁ ወገን ነው፡፡ ፕለም ራሱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ አንዱ የአውሮፓው ነው፤ ሞላላ፣ ሲደርቅ በጣም የሚጣፍጥ፡፡ ሌላው የእኛው ባለታሪክ ነው፤ ክብ፣ ውኃማ፣ ከዛፉ ተቀጥፎ ወዲያው የሚበላ፡፡ ሁለቱ በስም ይመሳሰሉ እንጂ የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው፡፡ የእስያው ፕለም በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ 16 ክሮሞሶም ሲኖረው የአውሮፓው 48 አለው፡፡ ስለዚህም የአንዱ አበባ ብናኝ ለሌላው እንደ ልብ አይሆነውም፡፡

የሳይንስ ስሙ ፕሩነስ ሳሊሲና ነው፤ ቅጠሉ የአኻያ ዛፍን ቅጠል ስለሚመስል የተሰጠው ስም ነው፡፡ ቻይናውያን ግን ፈረንጅ ስም ሳያወጣለት በፊት ከጥንት ጀምሮ «ሊ» ይሉታል፡፡ ይህ «ሊ» የዛፍ ስም ብቻ አይደለም፤ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰዎች ከሚጠሩባቸው የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው፡፡ ከ618 እስከ 907 ቻይናን የገዛው የታንግ ሥርወ መንግሥት ቤተሰብ ስሙ ሊ ነበር፡፡ የዳኦ ትምህርት አባት የሚባለው ላኦ ዙም በትውፊት የዚሁ ስም ባለቤት ነው፤ አፈ ታሪኩ እናቱ በፕለም ዛፍ ሥር ወለደችው ይላል፡፡ እንግዲህ በአንድ ሕዝብ ዘንድ የነገሥታትና የጠቢባን ስም ሆኖ የኖረ ዛፍ ነው በሌላ አገር ስም ወደ ዓለም ገበያ የወጣው፡፡

ዛፉ ወደ ጃፓን የተሻገረው ከጥንት ነው፡፡ ጃፓናውያን «ሱሞሞ» ይሉታል፤ ትርጉሙ «ኮምጣጣ ኮክ» እንደማለት ነው፡፡ እዚህ ላይ አንድ መደናገር አለ፡፡ በጃፓን ሥዕልና ግጥም ውስጥ በክረምቱ ማለቂያ የሚያብበው ዝነኛው «ኡሜ» በፈረንጆች አፍ ፕለም ይባል እንጂ ሌላ ዛፍ ነው፤ ለአፕሪኮት የቀረበ፡፡ ክብሩንና ዝናውን ኡሜ ወሰደው፤ ሱሞሞ በገበሬው ማሳ ዳርና በጓሮ ቀረ፡፡ ወደ ካሊፎርኒያ የተሳፈረው ይህ የጓሮው ዛፍ ነው፡፡

ጉዞው የተጀመረው በ1870 ገደማ ነው፡፡ ቫካቪል በምትባል የካሊፎርኒያ መንደር የሚኖር ሆው የተባለ ሰው በጃፓን በነበረው የአሜሪካ ቆንስል አማካይነት ጥቂት ችግኞች አስመጣ፡፡ ከእርሱ ላይ የበርክሌዩ ጆን ኬልሲ ገዛና በቦታው ተከላቸው፡፡ ከ1876 እስከ 1877 ባለው ጊዜ ዛፎቹ አፈሩ፡፡ ፍሬው ትልቅ፣ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ነበር፡፡ ኬልሲ ዛፉ ዝነኛ ሆኖ ሳያይ ሞተ፡፡ በ1880ዎቹ አጋማሽ አንድ የኦክላንድ ችግኝ ሻጭ ድርጅት ዛፉን አባዝቶ ለገበያ ሲያቀርበው «ኬልሲ» የሚል ስም ሰጠው፡፡ እንግዲህ ይህ ሁለተኛው ስም ማውጣት መሆኑ ነው፡፡ ዛፉን ለብዙ ትውልድ የመረጠውና የጠበቀው የጃፓን ገበሬ ማን ነበር? ስሙን የጻፈለት የለም፡፡ የቀረው የገዢው ስም ነው፡፡

ቀጥሎ የሚመጣው ሉተር በርባንክ ነው፡፡ በርባንክ በ1849 በማሳቹሴትስ የተወለደ፣ ከፍተኛ ትምህርት ያልነበረው፣ ግን ዓይኑ ከዕፅዋት የማይነቀል ሰው ነበር፡፡ በወጣትነቱ ያገኘውን አዲስ የድንች ዝርያ በ150 ዶላር ሸጦ በ1875 ወደ ካሊፎርኒያ ሄደና ሳንታ ሮዛ በምትባል ትንሽ ከተማ ሰፈረ፡፡ ራሱ እንደተረከው፣ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የአንድ መርከበኛ ማስታወሻ ሲያነብ በደቡብ ጃፓን በሳትሱማ ግዛት ስለሚገኝ ሥጋው እንደ ደም የቀላ ፕለም የሚያወራ ነገር አገኘ፡፡ ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣ፡፡ በዮኮሃማ ይሠራ ለነበረ አይዛክ በንቲንግ ለተባለ ነጋዴ ጻፈለት፡፡ የመጀመሪያው ጭነት በመንገድ ደርቆ ደረሰ፡፡ ሁለተኛው በ1885 ሲደርስ 12 ችግኞች በሕይወት ነበሩ፡፡

ከእነዚህ 12 ችግኞች ሁለቱ የዓለምን የፕለም እርሻ ለወጡት፡፡ አንዱ ሥጋው እንደ ቀይ ሥር የቀላው ሲሆን «ሳትሱማ» ተባለ፡፡ ሌላው ስሙን ያገኘው ከአስመጪው ነው፤ «በርባንክ» ተባለ፡፡ ሰውየው ግን በዚህ አልረካም፡፡ የጃፓኑን ከአሜሪካ የዱር ፕለም ጋር፣ ከሌላ የቻይና ፕለም ጋር፣ ከአፕሪኮት ጋር ሳይቀር አዳቀለው፡፡ በሺህ የሚቆጠሩ ችግኞችን አብቅሎ፣ ጥቂቱን አስቀርቶ ሌላውን ነቅሎ ያቃጥል ነበር፡፡ ብዙ ችግኞች በአንድ ጊዜ ለመፈተን ቅርንጫፎቻቸውን በአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ይሰካ ነበርና በግቢው የነበረ አንድ ዛፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነት ፍሬዎችን ተሸክሞ ይታይ ነበር ይባላል፡፡ በዕድሜ ዘመኑ ከመቶ በላይ የፕለም ዝርያዎች አውጥቷል፡፡ ከሁሉም የገነነው በ1906 ያወጣው፣ በከተማው ስም የሰየመው «ሳንታ ሮዛ» ነው፡፡

እስከዚህ ያለው ታሪክ ደስ የሚል ታሪክ ነው፡፡ አሁን በዚያው ዘመን፣ በዚያው ምድር፣ ከሌላኛው ወገን የሆነውን እንይ፡፡

ኬልሲ ዛፉን በተከለበትና በርባንክ ችግኞቹን ባዘዘበት ዘመን በካሊፎርኒያ የፍራፍሬ እርሻዎች የሚቆፍረው፣ የሚለቅመው፣ የሚያሽገው ብዙው እጅ የቻይናውያን እጅ ነበር፡፡ ፕለምን «ሊ» ብሎ የሚጠራ፣ ምናልባትም ራሱ ሊ ተብሎ የሚጠራ ሰው እጅ ነበር፡፡ በግንቦት 1882 የአሜሪካ ምክር ቤት የቻይና ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣ፡፡ አንድን ሕዝብ በስሙ ጠርቶ በር የዘጋ ሕግ ነበር፤ በውስጥ የነበሩትንም ዜግነት ከለከላቸው፡፡ ሕጉ የተሻረው በ1943 ነው፡፡ በርባንክ 12 ችግኞቹን የተቀበለው ይህ ሕግ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል፡፡ ቻይናዊው ዛፍ ጃፓናዊ ተብሎ ገባ፤ ቻይናዊው ሰው ግን ተከለከለ፡፡

ቻይናውያን ሲቀንሱ በእርሻው ላይ ጃፓናውያን ተተኩ፡፡ በቫካቪል ሸለቆም፣ በሲየራ ተራሮች ግርጌ ባለው በፕሌሰር አውራጃም ፕለምና ኮክ የሚያለሙት እነርሱ ሆኑ፡፡ በመጀመሪያ ቀን ሠራተኛ ነበሩ፤ ቆጥበው መሬት ተከራዩ፤ ጥቂቶቹም ገዙ፡፡ ችግሩ የመጣው ይኼኔ ነው፡፡ ሠራተኛ ሲሆኑ የተወደዱ ሰዎች ገበሬ ሲሆኑ ተጠሉ፡፡

1906ን እንውሰድ፡፡ በሚያዝያ ወር ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሳን ፍራንሲስኮን አጠፋ፤ የሳንታ ሮዛ ከተማ መሐልም ፈረሰ፡፡ የበርባንክ ቤትና የችግኝ ቤቱ ግን እምብዛም ሳይነኩ ቀሩ፡፡ ሳንታ ሮዛ ፕለም በዚያ ዓመት ለገበያ ቀረበ፤ ሰዉም ተሻማበት፡፡ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የሳን ፍራንሲስኮ የትምህርት ቦርድ የጃፓናውያን ልጆች ከነጮች ልጆች ተለይተው ለቻይናውያን በተለየው ትምህርት ቤት እንዲማሩ አዘዘ፡፡ ነገሩን ያስነሡት ልጆች በቁጥር 93 ብቻ ነበሩ፡፡ የጃፓን መንግሥት ተቆጣ፡፡ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ገብተው ትእዛዙ ተነሣ፤ በምትኩም ጃፓን ለሠራተኞቿ ወደ አሜሪካ የይለፍ ወረቀት መስጠት እንድታቆም ተስማማች፡፡ የጃፓን ፕለም በየገበያው ሲወደስ የጃፓን ልጅ ለክርክር ቀረበ ማለት ነው፡፡

በ1913 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት የውጭ ዜጎች የመሬት ሕግን አወጣ፡፡ ሕጉ ጃፓናውያንን በስም አይጠራም፡፡ «ዜግነት ማግኘት የማይፈቀድላቸው የውጭ ሰዎች» የእርሻ መሬት መግዛት አይችሉም፤ መከራየት የሚችሉትም ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ነው ይላል፡፡ በዘመኑ ሕግ የእስያ ሰው ዜግነት ማግኘት አይፈቀድለትም ነበርና ሕጉ ስም መጥራት አላስፈለገውም፡፡

ይህን የሦስት ዓመት ነገር ዛፍ ተክሎ የሚያውቅ ሰው ቆም ብሎ ያስበው፡፡ የፕለም ችግኝ ተተክሎ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይወስዳል፡፡ በሦስት ዓመት ኪራይ ጎመን ይተከላል፣ እንጆሪ ይተከላል፤ ዛፍ አይተከልም፡፡ የተከለም ሌላ እንዲለቅምለት ተከለ ማለት ነው፡፡ በ1920 ደግሞ በሕዝብ ድምፅ በወጣ ሌላ ሕግ ኪራዩም ጭራሽ ተከለከለ፡፡ የቻሉት ጃፓናውያን መሬቱን እዚያው በተወለዱና በልደታቸው አሜሪካዊ በሆኑ ልጆቻቸው ስም አደረጉት፡፡ ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ባለርስት ሆነ፤ አባቱ በልጁ ርስት ላይ ሠራተኛ ሆነ፡፡ በ1924 የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ የቀረውን በር ዘጋው፡፡

በርባንክ ራሱ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ይል ነበር? በ1907 ባወጣው ሰውን ከተክል ጋር ባነጻጸረበት መጽሐፉ በአሜሪካ የሕዝቦችን መደባለቅ እንደ ታላቅ ዕድል አየው፤ ዛፍ በመዳቀል እንደሚበረታ ሁሉ ሰውም ይበረታል ባይ ነበር፡፡ በዚያው መጽሐፍ ግን ደካማ የሚላቸው ሰዎች እንዳይጋቡ ይመክራል፡፡ ሰውን እንደ ችግኝ ማየት የተጀመረ እንደሆነ መትከል ብቻ ሳይሆን መንቀልም ይመጣል፡፡ ይህ አስተሳሰብ በኋላ በስንት አገር ስንት ሰው እንዳስፈጀ የሃያኛው መቶ ዓመት ታሪክ ይመሰክራል፡፡ የበርባንክ ጥበብ ዛፍ ላይ ሲሆን እውነተኛ ነው፤ ሰው ላይ ሲሆን ግን አያዋጣም፡፡

በርባንክ በ1926 ሞተ፡፡ በ1930 አሜሪካ አዲስ የዕፅዋት ዝርያ ያወጣ ሰው የባለቤትነት መብት እንዲያገኝ የሚያደርግ ሕግ አወጣች፤ ለበርባንክም ከሞተ በኋላ 16 ያህል መብቶች ተመዘገቡለት፡፡ የድካሙን ዋጋ በሕይወቱ አላገኘውምና በዚህ ማንም አይከፋም፡፡ ነገር ግን ሕጉ የሚያውቀው የመጨረሻውን እጅ ብቻ ነው፡፡ በቻይና ሸለቆዎችና በጃፓን መንደሮች ጣፋጩን ከጎምዛዛው እየለየ ሲተክል የኖረው ገበሬ በየትኛውም መዝገብ አልገባም፡፡

ከዚያ 1942 መጣ፡፡ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 19፣ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የፈረሙት ትእዛዝ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆችን ከምዕራብ ዳርቻ አስነሥቶ በረሐና ምድረ በዳ ላይ ወደ ተሠሩ ካምፖች አስገባ፡፡ ከሦስቱ ሁለቱ እዚያው የተወለዱ አሜሪካውያን ነበሩ፡፡ ከፕሌሰር አውራጃ የተነሡት በብዛት ቱል ሌክ ወደሚባለው ካምፕ ተወሰዱ፡፡ ጊዜው ፀደይ ነበር፤ ዛፉ አበባውን አራግፎ ፍሬ የሚያሳድግበት፣ ገበሬው በዓመት ውስጥ ከዛፉ የማይለይበት ጊዜ፡፡ ፍሬውን ሌላ ለቀመው፡፡ በ1945 መጀመሪያ ከካምፕ ወደ ፕሌሰር የተመለሰ አንድ ቤተሰብ የፍራፍሬ ማሸጊያ ቤቱን ሰዎች ሊያቃጥሉትና በዲናሚት ሊያፈርሱት ሞክረዋል፡፡ ተከሳሾቹ ለፍርድ ቀረቡ፤ በነጻም ተለቀቁ፡፡

ሕጉ እስኪቃና ብዙ ዓመት ወሰደ፡፡ በ1952 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመሬቱን ሕግ ሻረው፤ በዚያው ዓመት የእስያ ተወላጆች ዜግነት እንዲያገኙ በአገር ደረጃ ተፈቀደ፡፡ በ1988 የአሜሪካ መንግሥት በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ከካምፑ በሕይወት ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል ወሰነ፡፡ በዚያን ጊዜ በ1906 ለክርክር የቀረቡት ልጆች አብዛኞቹ አፈር ለብሰዋል፡፡

አሁን ወደ ጓሮው እንመለስ፤ ዛፉ ራሱ የሚያስተምረው አለና፡፡

የጃፓን ፕለም ዘሩን ቢቀብሩት እናቱን አይመስልም፡፡ ሳንታ ሮዛን ማግኘት የሚቻለው ከሳንታ ሮዛ ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም እምቡጥ ቆርጦ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ በማጣበቅ ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ዛሬ በዓለም ያለ እያንዳንዱ የሳንታ ሮዛ ዛፍ የልጅ ልጅ አይደለም፤ የዚያው የበርባንክ ዛፍ አካል ነው፡፡ ኬልሲም እንዲሁ፤ የትም ይተከል የት ከጃፓን ከመጣው ዛፍ የተቆረጠ አካል ነው፡፡ ሰዎቹ ሲታገዱ ያ የገበሬው ዛፍ ሳይሞት ከአጥር ወደ አጥር እየተሻገረ ኖረ፡፡

ሁለተኛው ነገር ዛፉ ብቸኛ አለመሆኑ ነው፡፡ የጃፓን ፕለም ዝርያዎች አብዛኞቹ በራሳቸው የአበባ ብናኝ አያፈሩም፡፡ በአጠገባቸው ሌላ ዓይነት የእስያ ፕለም በአንድ ጊዜ ማበብ አለበት፤ በመካከላቸውም ንብ መመላለስ አለበት፡፡ ሳንታ ሮዛ ብቻውንም በመጠኑ ያፈራል፤ ጎረቤት ሲያገኝ ግን ይበልጥ ያፈራል፡፡ ቦታ የጠበበበት ሰው በአንዱ ዛፍ ላይ የሌላውን ዓይነት ቅርንጫፍ ይሰካል፤ በርባንክ ያደርግ የነበረውን ማለት ነው፡፡

የቀረው ሥራ የእጅ ሥራ ነው፡፡ ዛፉ መሐሉ ክፍት ሆኖ ፀሐይ እንዲገባው እንደ ጽዋ ተደርጎ ይገረዛል፡፡ ኃይለኛ አብቃይ ስለሆነ በየዓመቱ መግረዝ ይፈልጋል፡፡ ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ በአንዱና በሌላው መካከል የጭብጥ ስፋት እስኪቀር ድረስ መመልመል ይኖርበታል፤ በዚህ የራራ ሰው ትንንሽ ፍሬና የተሰበረ ቅርንጫፍ ይታቀፋል፡፡ ቀድሞ ስለሚያብብ ውርጭ ጠላቱ ነው፡፡ ደግሞም ብርድ ይፈልጋል፤ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆኑ ብዙ ሰዓታት ካላገኘ ከእንቅልፉ በደንብ አይነቃም፡፡ ሳንታ ሮዛን የመሰሉት ግን ከአውሮፓው ፕለም ያነሰ ብርድ ይበቃቸዋል፤ ለዚህም ነው ክረምቱ በማይከብድበት አገር የሚስማሙት፡፡ በእኛም ደጋ ፕለም መትከል የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት የሚመዝነው የሌሊቱን ብርድ ነው፡፡

እንግዲህ ይህ ነው የጃፓን ፕለም፡፡ ቻይና ወለደችው፣ ጃፓን አቆየችው፣ ካሊፎርኒያ ሞሸረችው፡፡ በሦስቱም አገር የገበሬ እጅ ነው ያሳደገው፤ ስሙን ያገኙት ግን ወደቡ፣ ገዢውና አዳቃዩ ናቸው፡፡ ዛሬ በዓለም ብዙ ፕለም የምታመርተው አገር ቻይና ናት፤ ዛፉ ስሙን ባያገኝም አገሩን አልለቀቀም፡፡ የዛፉን ስም መለወጥ አሁን አይቻልም፤ አያስፈልግምም፡፡ ነገር ግን ፍሬውን የሚወድ ሰው፣ የተከለውና የለቀመው ማን እንደነበር፣ በሩም ለማን ተዘግቶ እንደነበር ቢያውቅ የፍሬው ጣዕም አይቀንስበትም፡፡ ስደተኛ ወደ በሩ ሲመጣ ግን ምናልባት ያስታውሰዋል፡፡